የቁምሳጥን ጆሮ

ልጅ ሳለች የሰማችው ወሬ ነው፤ ያውም ግማሹን ብቻ። አባቷ እህል መጋዘን ውስጥ ተሸካሚ ነበር። ትምህርት ሲዘጋ እናቷ ምሳውን አስይዛ ትልካታለች፤ እሷም ምሳውን አቀብላ፣ ባዶ ጆንያ ከተከመረበት ጥግ ሄዳ ጋደም ትላለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲሁ ተጋድማ እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርጋት ሲል፣ ከጆንያው ክምር ወዲያ አባቷና አንድ ሽማግሌ ተሸካሚ ሲጫወቱ ሰማች።

«እኔ እኮ ጉልበት አንሶኝ አይደለም» ይላል አባቷ። «ሳየው ነው የሚከብደኝ።»

«ታዲያ ማን እየው አለህ?» አሉ ሽማግሌው። «ሸክም በዓይን ከገባ አለቀልህ። ሸክም የሚነሳው በጆሮ ነው። እኔ በወጣትነቴ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ጎንበስ ስል ይጠብቅና አንዲት ነገር ሹክ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ኩንታሉ ትራስ ነው።»

«ምን ይልዎት ነበር?»

ሽማግሌው መለሱ። መመለሳቸውን ታስታውሳለች፤ አባቷ ከት ብሎ መሳቁንም ታስታውሳለች። ቃሉን ግን ግቢው ውስጥ የገባ የጭነት መኪና ዋጠው፤ ወይ መኪናው፣ ወይ እንቅልፏ፣ ከሁለት አንዳቸው። ይኸው ዛሬ አርባዎቹን አጋምሳ እንኳ፣ ጨርቅ እየቀደደች ሳለ መቀሷ በመሀል ይቆምና «ምን ብሏቸው ይሆን?» ትላለች። አባቷን እንዳትጠይቅ አባቷ የለም። ልቡ ነው የከዳው። አንድ ቀን ከሥራ መጥቶ ጫማውን ሊፈታ ጎንበስ እንዳለ በዚያው ቀረ።

ያቺ ልጅ ዛሬ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ እሷን፣ መኪናዋንና አንድ ደንበኛ ይዛ ትሞላለች። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ነው፤ መሀል ላይ እግሩ ብረት የሆነ ትልቅ የመቁረጫ ጠረጴዛ ተጋድሟል፤ ጥግ ላይ ደግሞ ልብስ የሚለካባት፣ በመጋረጃ የተከለለች ጠባብ ቦታ አለች። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ጂም ቤት ነው። እዚያ ብረት መሬት በመታ ቁጥር እዚህ መስታወቷ ይንቀጠቀጣል፣ ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀመጠቻቸው ስፒሎችም ይዘላሉ። ከመልመዷ የተነሳ ማን ብረት እንዳነሳ ከስፒሎቹ ታውቃለች። ሹክሹክታ ብቻ ካሰሙ ጀማሪ ነው። ካጨበጨቡ የከረመ ነው። ከቆርቆሮው ወጥተው ጠረጴዛው ላይ ከተበተኑ ደግሞ ወንድሟ ነው።

ወንድሟን ሰፈሩ «ቁምሳጥን» ይለዋል። ሥራው የቤት ዕቃ ማጓጓዝ ነው፤ ሰው ቤት ሲቀይር ቁምሳጥኑን ብቻውን አዝሎ ደረጃ ይወርዳል። ከፊት ለፊት ለሚያየውም ራሱ ባለ ሁለት በር ይመስላል። እናታቸው ካረፈች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። «እትዬ» ብሎ ሲጠራት ያ ሁሉ ሥጋ ይሰበሰብና አንድ ፍሬ ልጅ ያክላል።

ይህ ሰው በዓለም ላይ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርፌ። የእሷን የስፌት መርፌ እንኳ ፊት ለፊት አያየውም። ልጅ ሳለ ለክትባት ሲወሰድ የጤና ጣቢያው ሰልፍ በሙሉ ይታወክ ነበር። ያኔ ነው እህቱ ዘዴውን ያገኘችው። የጆሮውን ጫፍ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ ታደርግና «ዝንብ ናት፣ ሄደች» ትለዋለች። እሱ ጆሮውን ሲያስብ መርፌው ገብቶ ይወጣል። ዘዴውን ከየት እንዳመጣችው ራሷም አታውቅም። ምናልባት ከዚያ ከጆንያ ክምር ወዲያ ይሆናል።

የጂም ቤቱ ባለቤትና አሰልጣኝ «ፕሮፌሰር» ይባላል። ያስተማረበትም የተማረበትም ዩኒቨርሲቲ የለም፤ ስልኩ ላይ ያላነበበው ነገር ግን የለም። እሱ ነው አንድ ጠዋት ቀበቶው ላይ የብስክሌት ደወል ገጥሞ፣ ቁምሳጥንን ከኋላው አስከትሎ ሱቋ ከች ያለው።

«እህቴ፣ ይቺን የልብስ መለኪያ ጥግሽን ለትንሽ ጊዜ ታውሺኛለሽ?»

«ለምኑ?»

«ወንድምሽ ቪታሚን ሊወጋ ነው። እዚያ ልጆቹ ፊት ሲያለቅስ ደግሞ ክብሩ ይነካል።»

«አላለቀስኩም!» አለ ቁምሳጥን ከበሩ ላይ።

«ገና ስላልተወጋህ ነው።»

«እሷ ከሌለችበት አልወጋም ያልኩህ እኔ ነኝ እንጂ!»

ሦስቱ መጋረጃው ውስጥ እንደምንም ተጣበቁ። ፕሮፌሰር ከአንዲት ብልቃጥ ዘይት የመሰለ ነገር በመርፌ ሳበና፣ በሌላ እጁ ደወሉን ትርንግ አደረገው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች።

«ሳይንስ ነው።»

ሳይንስ ከሆነ ምን ትላለች? ወንድሟ ዓይኑን ጨፍኖ ላቡ ጠብ ጠብ ሲል ስታይ ግን እጇ ሳያማክራት ሄደ። ጆሮውን ቆነጠጠችና «ዝንብ ናት፣ ሄደች» አለችው። መርፌው ገባ፣ ወጣ። ቁምሳጥን ዓይኑን ገለጠ፤ ትከሻውን አሽከረከረ፤ «እሳት ነው! እሳት ገባብኝ!» እያለ በሩጫ ወደ ጂም ቤቱ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ስፒሎቹ ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ።

ይህም ልማድ ሆነ። ደወል፣ ጆሮ፣ መርፌ፤ ከዚያ ብረት። ልብስ ሰፊዋ ነገር የምታባዛ ሴት አይደለችም፤ ብዙ ትሰማለች፣ ጥቂት ትናገራለች፣ የቀረውን ለፈጣሪ ትተወዋለች። ቢሆንም ዓይን አላት። የወንድሟ ፊት እንደ ጎረምሳ ብጉር በብጉር ሆነ። ሸሚዙን ሁለቴ አሰፋችለት። ጠባዩም ከሸሚዙ ጋር ጠበበ። አንድ ቀን የገዛ ቤቱ በር አልከፈትም ቢለው ከበሩ ጋር ተጣላ፤ በሩ ተሸነፈ።

«ቪታሚኑ የምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቅ፣ ፕሮፌሰር «የጉልበት ነዋ!» አላት፤ ሌላ ነገር አልጨመረም።

በመጨረሻ አንድ ቀን ፕሮፌሰር ብቻውን መጥቶ መርፌው እንዳበቃ አበሰራት።

«በዘንድሮው የጂም ቤቶች ውድድር ሽንት ይመረመራል ተብሏል።»

«ቪታሚን ሽንት ውስጥ ቢገኝ ምን ጣጣ አለው?»

ፕሮፌሰር አሳለው። እጅጌ ያልተተከለለት አንድ ኮት አንስቶ እንደሚገዛ ሰው ያገላብጠው ጀመር።

«ዋናው ነገር እሱ አይደለም እህቴ፤ ዋናው ነገር ደወሉ ነው። ሰውነት ሞኝ ነው። ደወል ሰማ፣ ጉልበት አገኘ፤ ደወል ሰማ፣ ጉልበት አገኘ። አሁን መድኃኒቱን እናስቀርና ደወሉን ብቻ እንሰጠዋለን። ሞኙ ሰውነት ምኑን ያውቀዋል? የለመደውን ያነሳል። ደወልን የሚይዝ ምርመራ ደግሞ ገና አልተፈጠረም!»

«መድኃኒቱን ነው ያልከው?»

«ቪታሚኑን። አፌ ነው የተሳሳተው።» ኮቱን አስቀምጦ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ልብስ ሰፊዋ ጆሮዋን ከግድግዳው አላራቀችም። ጂም ቤቱ ውስጥ ያለ የሌለው ዲስክ ሁሉ የተጫነበት አንድ ብረት አለ፤ ስሙ «አማት» ይባላል። ትከበራለች እንጂ አትነሳም ለማለት ነው። ቁምሳጥን መርፌውን በተወጋበት ሰሞን አማትን እስከ ወገቡ አድርሷት ያውቃል። አሁን ግን ግድግዳው የሚያሰማት ሌላ ነው።

ትርንግ!

ዝምታ። ከዚያ የስፒሎች ሹክሹክታ፤ የጀማሪ ሹክሹክታ።

«ደወሉን ሰማህ?» ይላል ፕሮፌሰር።

«ሰማሁ።»

«ምን ተሰማህ?»

«ብስክሌት የመጣ መሰለኝ።»

ልጆቹ ሲስቁ ይሰማታል። በማግስቱ ፕሮፌሰር የትምህርት ቤት የመሰለ ትልቅ ደወል ይዞ መጣ። አንዱ ልጅ «ዕረፍት ነው! ውጡ!» ብሎ ጮኸ፤ ግማሹ ጂም ቤት የምሩን ወጣ። አማት ግን ንቅንቅ አላለችም።

ቁምሳጥን ብረቱን ከግድግዳው ወዲያ ጥሎ መጣና፣ ለደንበኛ በተቀመጠችው ዱካ ላይ ቁጭ አለ። ዱካዋ ጮኸች።

«እትዬ፣ ጉልበቴ ሄደ።»

«የት ይሄዳል?»

«እኔ ምን አውቄ! መርፌው ውስጥ ነበር መሰለኝ፤ የኔ አልነበረም።»

የስፌት መኪናዋን በእግሯ ገታ አድርጋ አቆመችው። ከተናገረው ሁሉ ይሄ አንጀቷን በላው። ከዓመታት በፊት ገና ብልቃጥ የሚባል ሳያውቅ የእናታቸውን የልብስ ሣጥን እንደሞላ አንስቶ «የት ላድርገው?» ያላት ልጅ፣ ዛሬ ጉልበቴ የብልቃጥ ነበር ይላታል!

«ፕሮፌሰር አንድ ብልቃጥ ቀርታኛለች ብሏል» ቀጠለ። «ደወሉ እምቢ ካለ ወደ እሷ እንመለሳለን። ለሽንቱ እሱ መላ አያጣም።»

«አትመለስም።»

«ማንሳት ካልቻልኩስ? እትዬ፣ ብረት ካላነሳሁ እኔ ምንድን ነኝ? ቁምሳጥን ብቻ።»

መልሱን ያመጣው ፍሪጅ ነው። በዚያው ሳምንት ቁምሳጥን አንድ ፍሪጅ አዝሎ ፎቅ ሲወጣ ነስር ፈነዳበት። ባለቤቷ «ኧረ ፍሪጁ! ኧረ ነጭ ነው!» እያለች ስትጮህ፣ እሱ ፍሪጁን በሥርዓት አስቀምጦ ሸሚዙን ደም እንዳለበሰ እህቱ ዘንድ መጣ። እህቱ መኪናዋን እንኳ ሳትሸፍን እጁን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችው።

ነርሷ በዕድሜ የገፋች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ረስታ የምትፈልግ ሴት ናት። የግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ ብትጠመጥመው አልደርስ አላት። ትልቁን አስመጣች። ለካች። መነጽሯን ከግንባሯ አወረደችና እንደገና ለካች።

«የኔ ልጅ፣ የምትወስደው ነገር አለ?»

«ቪታሚን።»

«ምን ዓይነት ቪታሚን?»

«ዘይት የመሰለ። በብልቃጥ ሆኖ፣ እዚህ ጋ የሚወጋ» አለ፤ የት እንደሆነ በጨዋነት ጠቆመ።

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይሄ ቪታሚን ከሆነ እኔ የዛሬ ሙሽራ ነኝ። እህቱ ነሽ? ስሚኝ። ይሄ ጡንቻ የሚያሳብጥ ሆርሞን ነው። ልብም ጡንቻ ነው። ክንዱ ሲወፍር ሸሚዝ ትቀይሪለታለሽ፤ ልቡ ሲወፍር ግን ማን ደረት ይቀይርለታል? ደሙን ማየት አለብኝ፤ አሁኑኑ።»

ደም ለመቅዳት መርፌዋን ስታነሳ ቁምሳጥንም አብሮ ተነሳ። የግፊት መለኪያው ክንዱ ላይ እንደተንጠለጠለ በሩን ከፍቶ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ የተሰለፉት ሰዎች ግራና ቀኝ ተከፈሉለት።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ሲወጋ የከረመ ሰውዬ አይደል እንዴ?» አለች ነርሷ አፏን ከፍታ።

«እኔ ጆሮውን ስይዝለት ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፍታ። ከዚያ የከነከናትን ጠየቀች፤ «በተወጋ ሰዓት ግን እሳት ገባብኝ ብሎ ወዲያው ያን ሁሉ ብረት ያነሳ ነበር። እውነት ጉልበቱ የመድኃኒቱ ነው?»

ነርሷ አሰብ አደረገች። «ሥጋው ላይ የጨመረለት አለ፤ እሱን አልክድሽም። ሲተወውም ትንሽ ይቀንሳል። ነገር ግን መድኃኒቱ በዚያው ሰዓት አይሠራም፤ ሳምንታት ነው የሚፈጅበት። በዚያች ሰዓት የተሰማው እሳት የራሱ ነው። በይ አሁን መለኪያዬን መልሱልኝ፤ እሱንም መልሺልኝ።»

መንገዱን ሁሉ የአባቷ ጫማ ነበር ፊቷ ላይ የሚመጣው፤ አንዱ ክሩ ተፈትቶ፣ ሌላው እንደታሰረ። ሱቅ ስትደርስ ከመጋረጃው ሥር ሁለት ጀልባ የሚያካክሉ ጫማዎች ብቅ ብለዋል። ፕሮፌሰር የመቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል። በአንድ እጁ ያቺን የመጨረሻ ብልቃጥ ይዞ መጋረጃውን ያግባባል።

«አንዲት ጠብታ! ለድፍረት ያህል ብቻ!»

ትዕግሥተኛ ሰው ሲቆጣ አያድርስ ነው። ልብስ ሰፊዋ በሩን ዘግታ ቆመች። ፕሮፌሰር ፊቷን አይቶ ብልቃጧን ኪሱ ሊከት ተጣደፈ። ብልቃጧ አመለጠችው፤ ተንከባለለችና ጠረጴዛው ሥር፣ ከብረት እግሩ ወዲያ ካለው ጥግ ገብታ ተወተፈች።

«ውጣ» አለች መጋረጃውን።

መጋረጃው ተገለጠ። ቁምሳጥን የግፊት መለኪያውን እንዳንጠለጠለ ወጣ።

«ጠረጴዛውን አንሳልኝ። ያቺን ነገር ላወጣት ነው።»

«እትዬ፣ ጉልበት እኮ የለኝም። ደግሞ ፕሮፌሰር ላዩ ላይ ነው፤ ጣቃው አለ፣ ካውያው አለ…»

«የለኝም?» አለች። «የእናታችንን ሣጥን ያነሳኸው በማን ጉልበት ነበር? እኔን ሞኟን! ዝንብ ናት እያልኩ በገዛ እጄ ሳስወጋህ ከርሜ፣ አሁን ጉልበት የለኝም ትለኛለህ?» ተንጠራርታ ጆሮውን ያዘች፤ እንደ ድሮው ቆንጠጥ አይደለም፣ ጥምዝዝ ነው። «ዝንብ ናት! ሄደች! አንሳ ስልህ!»

የክንዱ ፀጉር ሲቆም አየችው። ቁምሳጥን ጎንበስ አለ፤ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ታቀፈው፤ ጠረጴዛውም ከነጣቃው፣ ከነካውያው፣ ከነፕሮፌሰሩ ተነሳ። ፕሮፌሰር ጭንቅላቱ ከአምፖሉ ጋር ተላተመ። ስፒሎቹ ከቆርቆሮው ወጥተው እንደ ዝናብ ወረዱ።

ከላይ አንድ ድምፅ መጣ።

«ጆሮው ነው!» አለ ፕሮፌሰር አምፖሉን በእጁ እንደያዘ። «ደወሉ አይደለም! እኔ ስደውል ሰውነቱ ይሰማ የነበረው አንቺን ነው! ደወሉን ከመርፌው ጋር አጋባሁ ብዬ፣ ለካ እኔ ሚዜ ነኝ!»

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ብልቃጧን አወጣችና የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተቻት። «አሁን ማውረድ ትችላለህ» አለችው ወንድሟን። «ቀስ አድርገህ። ካውያው ትኩስ ነው።»

ፕሮፌሰር መሬት ከነካበት ደቂቃ ጀምሮ ይለምናት ጀመር። ውድድሩ ላይ ትምጣ፤ መድረኩ ዳር ትቁም፤ ከእያንዳንዱ ማንሳት በፊት አንዲት ቁንጥጫ ብቻ!

«እኔ?» አለች። «ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የጎልማሳ ጆሮ ልቆነጥጥ?»

«ሞቼ ነው የምገኘው!» አለ ቁምሳጥን። ጆሮው እንደ በርበሬ ቀልቷል።

ወደ መኪናዋ ተመልሳ የጀመረችውን እጅጌ ያዘች። ሁለቱ ወንዶች እንደተቀጡ ተማሪዎች ቆመው ይጠብቋታል። ሰው ፊት መቆም አትወድም፤ ሰርግ ቤት እንኳ ከምሰሶ ኋላ ነው የምትቀመጠው። ደግሞስ ይሄ ቁንጥጫ ራሱ በመርፌ የተገራ አይደለም ወይ? ልክ ነው? አይደለም? እግሯ መርገጫውን እየረገጠ በልቧ አጭር ጸሎት አደረሰች፤ «ጌታዬ፣ ጉልበቱ የማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ለእሱም ንገረው።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«እመጣለሁ» አለች። «ግን ትሰሙኛላችሁ። መርፌው ዛሬ አበቃ፤ ብልቃጧ ለነርሷ ነው የምትሰጠው። ዳኛው ዘንድ ሄደህ የወሰድከውን በገዛ አፍህ ትነግረዋለህ። ከዚያ ደምህን ትሰጣለህ።»

«ለዳኛው?» ጮኸ ፕሮፌሰር። «ውድድሩ ይቀርብናል እኮ!»

«ይቅርባችኋ። የተሰረቀ ጨርቅ አልሰፋም።»

ቁምሳጥን ክንዱ ላይ የቀረውን የግፊት መለኪያ ነካካ። «ሁለቱን እሺ። ደሙን ግን ተዪልኝ እትዬ።»

«እሱን እናያለን» አለች።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። ዳኛው ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው። ቁምሳጥን እየተንተባተበ የነገራቸውን እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ስለነገርከኝ እግዜር ይስጥህ» አሉት። «ዘንድሮ አትወዳደርም፤ ለከርሞ ንጹሕ ሆነህ ና። ሕዝቡ አንተን ሊያይ መምጣቱን ግን አውቃለሁ። ከውድድሩ በኋላ እንዲያው ለማሳያ አንሳ፤ አልመዘግበውም።» ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ። «እሳቸውስ?»

«ረዳት አሰልጣኝ» አለ ፕሮፌሰር ፈጠን ብሎ። «የጆሮ ክፍል።»

«መድረክ ዳር የሚቆም ቱታ ይለብሳል።»

የፕሮፌሰርን የቱታ ጃኬት ቀሚሷ ላይ ደረበች። እጅጌው ጣቶቿን ዋጠው፤ ትከሻው ወርዶ ክንዷ ላይ ተቀመጠ። ከሕዝቡ ይልቅ ያሳፈራት ይሄ ነው፤ ልብስ ሰፊ ሆና ልኳ ያልሆነ ልብስ መልበሷ።

ተራው ሲደርስ ቁምሳጥን እጁን ነጭ ዱቄት ቀብቶ መጣና፣ ከፊቷ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጣት። አዳራሹ ግራ ገባው። ቆነጠጠችው፤ ሹክ አለችው። ሳቅ ፈነዳ። «እማማ ተቆጡት!» አለ አንዱ ከኋላ። «የቤት ሥራውን አልሠራም!» አለ ሌላው። ቁምሳጥን ወደ ብረቱ ሄዶ አነሳው፤ ከራሱ በላይ አድርጎ ያዘው። ሳቁ መሀል ላይ ተቆረጠ። ዲስክ ተጨመረ። ጆሮ፣ ሹክታ፣ ብረት። አሁን የሚስቅ የለም፤ ይልቁንም ከፊት ወንበር የተቀመጠ አንድ ሰውዬ የገዛ ልጁን ጆሮ ሲሞክር አየችው።

«አማትን አምጡልኝ» አለ ቁምሳጥን።

ያለ የሌለው ዲስክ ሁሉ ተጫነ። ሲጨርሱ መጥቶ ጆሮውን ዘረጋላት። እሷ ግን መድረኩ ዳር ከተቀመጠችበት ወንበር አልተነሳችም።

«እትዬ!»

«እጅ አለህ።»

«እትዬ፣ ሰው እያየ ነው! ነይ እንጂ!»

«እኔ ዕድሜ ልክህን ጆሮህ ሥር አልቆምም» አለችው በዝግታ። «አባባ ቆሞ ነበር? እናታችን ቆማ ነበር? ራስህ ያዘው።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል አልሰማሽም?»

«እንግዲያው ዛሬ ተዋወቁ።»

ቁምሳጥን ወደ መድረኩ ተመለሰ። ሁለት ሐሳብ ሆኖ ቆመ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት በወፍራም ጣቶቹ የገዛ ጆሮውን ቆነጠጠ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ አለ። አማት ከመሬት ለቀቀች፤ ጉልበቱን አለፈች፤ እዚያ ላይ ለአፍታ አመነታች፤ ወደቀች። አዳራሹ ተናወጠ። በፕሮፌሰር ቀበቶ ላይ የቀረችው የብስክሌት ደወል በራሷ ጊዜ ትርንግ አለች። ሕዝቡ ያነሳት ይመስል አጨበጨበ።

ወርዶ ከጎኗ ዘፍ አለ። ላቡ ይወርዳል፤ ፊቱ ግን እንደ ልጅ ፊት በርቷል።

«አማት ተነቃነቀች! አየሻት?»

«አየኋት።»

«ያለ መርፌ! ያለ አንቺ!»

«አየሁ አልኩህ እኮ። ምን ብለህ ነው?»

«'ዝንብ ናት' አልኩ። ልክ ጉልበቴ ላይ ስትደርስ ግን አየኋት፤» ሳቁ አመለጠው፤ «ዝንብ አይደለችም!»

«ታዲያ ማን እያት አለህ?» አለች። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የማን እንደሆነ ያወቀችው። ከጆንያ ክምር ወዲያ የመጣ ነው። ከት ብላ ሳቀች፤ ወንድሟም ምኑ እንዳሳቃት ሳያውቅ አብሯት ሳቀ።

ሳቁ ሲበርድለት እጁን ወደ ደረቱ ወስዶ ትንሽ አቆየው። «ይመታል» አለ።

«ይምታ። ነገ ጠዋት ግን ጤና ጣቢያ ነን። የሴትዮዋን የግፊት መለኪያም እንመልሳለን፤ ብልቃጧንም እንሰጣለን።»

«ደም?»

«ደም።»

የጣቱን መጠቅለያ ጨርቅ መፍታት ጀመረ። ፈታው፤ እንደገና ጠቀለለው፤ ደግሞ ፈታው። አዳራሹ ባዶ እየሆነ ነው። ወንበር የሚያነሱት ሰዎች ዙሪያቸውን ከበው እስኪነሱ ይጠብቋቸዋል።

«አንቺ ትገቢያለሽ?» አላት።

«በሩ ላይ እቀመጣለሁ።»

«በሩ ላይ ብቻ?»

«በሩ ላይ ብቻ።»

ቁምሳጥን እጁን አንስቶ ጆሮውን ነካ አደረገው፤ ገና ቀይ ነው። አዲስ ልብስ ልኩ መሆኑን እንደሚሞክር ሰው በሁለት ጣቱ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ አደረገ።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «በአንድ እጄ ጆሮዬን እይዛለሁ፤ ከሌላው ክንዴ ይቅዱ። መርፌውን ግን አላየውም።»

«አትየው» አለችው፤ የፕሮፌሰርንም ጃኬት አውልቃ፣ እጅጌውን አስተካክላ አጠፈችው።